የአባቶችን ምስክርነት ስለ መመርመርና ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በጎንደር ለጥምቀት በዓል የፋሲል መዋኛ የሚባለው ባሕረ ጥምቀት የሚሞላው ከቀሐ ወንዝ በቦይ ተመርቶ በሚመጣ ውኃ ነው። በዳር የቆመው ሕዝብ ውኃውን ያያል እንጂ የመጣበትን መንገድ አያስብም። የሃይማኖታችንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው ብዙ አባቶች በደከሙበት መንገድ ነው። ይህን መንገድ እስከ ምንጩ ተከትሎ የሚወጣ ሰው የታሪክ መርማሪ ይባላል።

ከእነዚህ አንዱ በ2013 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ያረፉት ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው። እኒህ ሊቅ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ከ1270 እስከ 1527 በኢትዮጵያ ስለ ነበሩት ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉት መጽሐፍ በ1972 በኦክስፎርድ ታተመ። ለዚህም ሥራ ከመረመሯቸው ምስክሮች ዋነኞቹ መነኮሳት በብራና የጻፏቸው ገድላት ናቸው።

ገድልን መመርመር እምነትን ማቃለል አይደለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ እንኳ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ እንደ ጻፈ ለቴዎፍሎስ ገልጦለታል። ፕሮፌሰር ታደሰም ገድሉን እንደ ተረት አልጣሉትም፤ ሳይመዝኑም አልተቀበሉትም፤ አንዱን ገድል ከሌላው፥ ከነገሥታቱም ዜና መዋዕል፥ በወንጌል ኅዳግ ከተጻፈውም የጉልት መዝገብ ጋር እያነጻጸሩ ሠሩ እንጂ። ስለ ሰንበት በአባቶች መካከል የነበረውን ክርክር፥ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሆነውንም ዕርቅ ሳይሸሽጉ ጻፉ። እውነት ቤተ ክርስቲያንን አያሳፍራትምና።

ነገር ግን ብራናው ባይጠበቅ ኖሮ ምን ይመረመር ነበር? በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ዓፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የአባቶቹን ታሪክ የሚሻ ልጅ የገዛ መጻሕፍቱን ለማንበብ ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት።

እንግዲህ ካህናት አባቶች ሆይ፤ በዕቃ ቤት ያሉትን መጻሕፍት ቍጠሩ፥ መዝግቡ፥ ከሚያፈስስ ጣራና ከአይጥም ጠብቁ። ምእመናን ሆይ፤ የዕቃ ቤቱን ጣራ ለመክደን እጃችሁን ዘርጉ፤ ብራና ተሰርቆ ሲሸጥ ብታዩም ዝም አትበሉ። ቦዩ ከተደፈነ ለልጆቻችን የሚቀረው ደረቅ ባሕረ ጥምቀት ነው።

የአባቶቻችን አምላክ የተቀበልነውን አደራ በታማኝነት እንድናስረክብ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።