ቀዳዳውን አንድፈነው፤ ክዳን እናብጅለት

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ አይጣል ነው። ፎቅ ላይ ለምንኖረው ደግሞ ንፋሱ ይጨመርበታል። ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ በመታጠቢያ ቤታችን የአየር ማስወጫ በኩል የሚገባውን ብርድ እንዴት እንከላከል የሚል ነው። ርዕሱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ መሆኑን እኔ ቤት የደረሰውን ስነግራችሁ ትረዱልኛላችሁ።

አምና በታኅሣሥ ቬንትሌተሩ በቆመ ቁጥር ንፋሱ በቱቦው ተመልሶ እየገባ ልጆቹን ሲያስነጥሳቸው ከረመ። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ አሮጌ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልዬ ቀዳዳውን ጥቅጥቅ አድርጌ ደፈንኩት። ብርዱ ቀረ። ባለቤቴም «እሰይ፣ ተገላገልን!» አለች። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ ብቅ አለ። በበረኪና ፈግፍገን ዝም አልን።

አንድ እሑድ ማታ ግን ብርድ ነው ብለን በሩንም መስኮቱንም ዘግተን ቡና ተፈላ። ቡናው ካለቀ በኋላ ከሰሉ ቤቱን ያሙቅ ተብሎ እዚያው ተተወ። ጥቂት ቆይቶ አማቴ «ራሴን ፈለጠኝ፣ አዞረኝ» አሉ፤ ትንሿንም ልጅ አቅለሸለሻት። ደግነቱ አንዲት ጎረቤታችን ሰፌድ ልትመልስ መጥታ በሩን ስትከፍት፣ «ኧረ በስመ አብ! ቤቱ ታፍኗል፤ ውጡ! ውጡ!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ወጣን፤ ሁለቱም ሐኪም ቤት ሄደው ታዩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፍን።

ጥፋቱ የቀዳዳው መደፈን ብቻ ነው አልልም፤ ዋናው ጥፋት ከሰሉ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል፤ ከደም ጋር የመያያዝ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ ጉዳቱም አብሮ የጠፋ የሚመስለን ብዙዎች ነን። አይደለም! ስለሆነም ቬንትሌተር እየሠራም ቢሆን በተዘጋ ቤት ከሰል ይዞ መቀመጥ፣ ይልቁንም ከሰል አስቀምጦ መተኛት አይገባም።

ታዲያ ብርዱን ምን እናድርገው? እኔ ከዚያ በኋላ ባለሙያ ጠርቼ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ንፋሱ የሚገባበትን እንለይ። ንፋስ ባለበት ምሽት ቬንትሌተሩን አጥፍታችሁ የሚጨስ እጣን አጠገቡ ያዙ፤ ጭሱ ወደ ቤት የሚገፋበት ቦታ መግቢያው ነው። አንዳንዴ ብርዱ የሚመጣው በቱቦው ውስጥ ሳይሆን በቱቦውና በግድግዳው መካከል ባለው ስንጥቅ ነው። መደፈን ያለበት ይሄ ስንጥቅ ነው፤ በሲሊኮን ወይም በጂፕሰም ይደፈናል።

ሁለተኛ፣ ብርዱ በቱቦው ውስጥ የሚመጣ ከሆነ ወደ ውጪ ብቻ የሚከፈት ቀላል ክዳን ይገጠምለት። ቬንትሌተሩ ሲዞር አየሩ ገፍቶ ይከፍተዋል፤ ሲቆም መልሶ ይዘጋል። ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የቱቦውን ስፋት ለኩ፤ ብዙውን ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። በውጪው ግድግዳ በኩል የሚገጠም ከሆነ ለባለሙያ ተዉት፤ በመስኮት ተንጠልጥሎ መሞከር ሌላ ሐዘን ያመጣል።

ሦስተኛ፣ ቬንትሌተር የሌለው ባዶ ቀዳዳ ከሆነ የሚንሸራተት መዝጊያ ይበጅለት። ገላ ስንታጠብና ከዚያም በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ወለል ብሎ ይከፈት፤ ሌሊት ይጥበብ እንጂ ጨርሶ አይዘጋ። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይቀርና ሻጋታ ያበቅላል።

አራተኛ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር መዝጋት እንልመድ፤ ብርዱ ወደ መኝታ ቤት አይዘልቅም። ከበሩ ሥር ግን የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይቅር። የሚገባ አየር ከሌለ ቬንትሌተሩ የሚያስወጣው አያገኝም፤ ጩኸት ብቻ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ክዳኑ በየጊዜው ይጽዳ። አቧራ ያጣበቀው ክዳን እንደተከፈተ ወይም እንደተዘጋ ይቀራል። ከመንካታችሁ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ሳይሆን ብሬከሩንም አጥፉ፤ 220 ቮልት ከእርጥብ እጅ ጋር ቀልድ አያውቅም።

የጎረቤትንም ነገር አንርሳ። በአንዳንድ ሕንፃ የላይኛውና የታችኛው ቤት አየር በአንድ መተላለፊያ ይወጣል። አንዳችን የወተፍነው ጨርቅ ወደዚያ ቢወድቅ የሌላውን መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል።

ከሰል በነደደበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መክዳት ከታየ፣ «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» እያልን ጊዜ አናጥፋ። ሰዎቹን ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር እናውጣ፤ ለእሳትና አደጋ መከላከያ በ939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 እንደውል።

በመጨረሻም፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች ቀዳዳቸውን የሚያይላቸው ሰው ያስፈልጋል። መሰላል ያለው መሰላሉን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይዞ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይመዝገብ፤ እኔ የመጀመሪያው ነኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ኅዳር ሳይገባ እንጀምር።