ከዛፍ ሥር ያለው ድር

(በማታው ክፍል ለጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ትምህርታችንን ስንጨርስ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥዱ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። እኛ ከተራራው ላይ ቆፍረን፣ ውኃ በጀርባችን ተሸክመን የተከልነው ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ለምንድን ነው?» አሉኝ። እኔም እንደ ተማሪ ወጉ በችኮላ «ውኃ አንሶት ነው» ብዬ መለስሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው መልሴ ግማሽ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ የቀረውን ግማሽ ዕዳዬን ልክፈል።

ጎንደር ከተማ ወርዳችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተሳለማችሁ በግቢው ያሉትን ያረጁ ዛፎች ታስታውሳላችሁ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወገራን አልፋችሁ ዳባት ስትደርሱ ደግሞ ግራና ቀኙ ማሳ ነው። ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታየው የአገር ዛፍ ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ የቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ታዲያ በዚያ ደንና በዚህ ገላጣ ተራራ መካከል ያለው ልዩነት ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። ከመሬት በታችም አለ።

የጅብ ጥላ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በክረምት ከመሬት ብቅ ይልና ይጠፋል። ጠፋ እንላለን እንጂ አልጠፋም፤ አካሉ ከአፈር ውስጥ ነው። አካሉ ከፈትል እጅግ የቀጠነ ድር ነው። ከዚሁ ወገን ከሆኑት መካከል የጅብ ጥላ እንኳ ሳያወጡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመሬት ውስጥ የሚኖሩ አሉ። የጥዳችን ባልንጀሮች እነዚህ ናቸው። ከዛፉ ሥር ውስጥ ይገባሉ፤ ግን እንደ በሽታ አይደለም። ወንፈል ነው።

ወንፈሉም እንዲህ ነው። ዛፉ በቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውኃ ስኳር ይሠራል። ድሩ ግን ቅጠል የለውምና ስኳር መሥራት አይችልም። በሌላ በኩል ዛፉ ፎስፈረስ ይፈልጋል። ፎስፈረስ ለእርሻችሁ ከምትገዙት ማዳበሪያ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው። ይህ ነገር እንደ ጨው ሟሙቶ ወደ ሥር አይፈስስም፤ በተለይ በቀይ አፈር ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ለቅሞ ሲጨርስ ይራባል። ድሩ ግን ቀጭን ስለሆነ ሥር ከማይገባበት ቀዳዳ ይገባል፤ ራቅ ካለ ቦታ ፎስፈረሱን ለቅሞ ያመጣል። ዛፉ ለዚህ ውለታ ከሠራው ስኳር ከመቶ እስከ 20 እጅ ድረስ ይከፍላል። ውድ ዋጋ ነው እኮ!

ይህን ኑሮ ስም ያወጣለት አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለ የጀርመን ሊቅ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1885 ነበር። ሰውየው የተላከው ከመሬት ውስጥ የሚበቅል አንድ ውድ እንጉዳይ እንዴት እንደሚለማ እንዲያጠና ነበር። እንጉዳዩን ሲከተል ከዛፍ ሥር ደረሰ። ስሙንም ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ «ማይኮራይዛ» አለው፤ እንጉዳይና ሥር ማለት ነው።

ነገሩ በሥራ ላይ እንዴት እንደታየ ደግሞ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ፖርቶ ሪኮ በምትባል ደሴት ለብዙ ዓመታት ፓይን የተባለ ዛፍ ከውጭ እያመጡ ይዘሩ ነበር። ይበቅላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ይጠወልጋል። ከዚያ በ1955 (በአውሮፓውያን) ፓይን ከሚበቅልበት ከሰሜን ካሮላይና አገር አፈር አስመጥተው ከችግኙ ሥር ጨመሩ። በአፈሩ ውስጥ ድሩ ነበረ። ችግኙም ተነሣ።

በእኛም አገር ዶክተር ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቻቸው የደጋ ደኖቻችንን ዛፎች ሥር በማጉያ መሣሪያ መርምረው ጥናታቸውን በ2003 (በአውሮፓውያን) አሳትመዋል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ሁሉም ከሥራቸው ውስጥ ድር አላቸው። በ2006 ደግሞ ጥድና ዝግባ ጎን ለጎን ቢቆሙም ባልንጀሮቻቸው የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ። ስለዚህ «አፈር ያው አፈር ነው» ማለት አይቻልም።

ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። ድሩ የሚበዛው ከላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ጎርፍ ተዳፋቱን ሲያጥበው ድሩንም ይዞት ይወርዳል። የቀረው ድንጋይና ጭቃ ላይ የተተከለ ጥድ ባልንጀራ የለውም። ገብስና ባቄላም ከዚህ ድር ጋር ይኖራሉ፤ ጎመን ግን አይወደውም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከብዙ ዓይነት ድር ጋር ይስማማል፤ አንዱ ብርታቱ ይኸው ነው።

እኔ ራሴ ጥፋተኛ ነኝ። 20 የጥድ ችግኞች በጣሳ አፍልቼ ነበር፤ «ንጹሕ ይሁን» ብዬ የወንዝ አሸዋ ብቻ ሞላሁበት። ድሩን ከየት ያምጣው? ቢጫ ሆኑ። አሁን ገበዙን አስፈቅጄ ከአሮጌ ጥድ ሥር አንድ ቁና አፈር አምጥቻለሁ። ግማሹን በአሮጌ ምጣድ ቆላሁት፤ ድሩ እንዲሞት ነው። የተቆላውን ለ10 ጣሳ፣ ያልተቆላውን ለ10 ጣሳ አንዳንድ እፍኝ ሰጠሁ። ውኃቸው እኩል፣ ፀሐያቸው እኩል ነው።

እናንተም ብትሞክሩ አፈሩን ከጤናማ ዛፍ ሥር ውሰዱ፤ ዛፉ በሽተኛ ከሆነ በሽታውም አብሮ ይመጣል። ለጥድ ከጥድ ሥር እንጂ ከባሕር ዛፍ ሥር አትውሰዱ። ለአንድ ችግኝ አንድ እፍኝ ይበቃል፤ የደኑን ሥር አታራቁቱ። አጥር ከሌለ ደግሞ ፍየል ይቀድማችኋል፤ ድሩ ፍየል አይከለክልም።

ጣሳዎቹ ከክፍሉ መስኮት ሥር ናቸው። በተቆላው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። መስቀል ሲደርስ ቁመታቸውን እንለካለን፤ ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ጥያቄውን ያነሡት እናት ናቸው።