ፕሌይ ስቴሽናችሁን ከካርቶኑ አውጡት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፕሌይ ስቴሽን ነው፤ ስለ መጀመሪያው ግራጫ ማሽንና ከእሱ በኋላ ስለመጣው ጥቁር። ርእሱን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ዐውደ ዓመት ቀርቦ ቤት መጽዳት በጀመረ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይደርሰኛል፦ «የልጅነት ፕሌይ ስቴሽኔ እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ላይ በካርቶን ተቀምጧል። ‹ወይ ውሰደው፣ ወይ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ› እያለችኝ ነው። ምን ላድርገው?» ከአዳማም ይመጣል፣ ከዋሽንግተንም ይመጣል። አንዲት አድማጫችን ደግሞ ማሽኑ የታላቅ ወንድሟ እንደሆነ፣ እሱ ከሀገር ከወጣ ወዲህ ማንም እንዳልነካው፣ እሷም ልትነካው እንደምትሳሳ ጽፋልኛለች።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሰዓት እንደሚያጥረኝ ታውቃላችሁ። ለቆራሌው አትስጡት። ግን ደግሞ መልሳችሁ ካርቶኑ ውስጥ አትክተቱት። አውጡት፣ አቧራውን ጥረጉለት፣ አብሩት፣ ተጫወቱበት። ደብቆ ማስቀመጥ ማቆየት አይደለም። ሰው ያልኖረበት ቤት ቶሎ እንደሚፈርስ ሁሉ፣ ያልተነካ ማሽንም በተቀመጠበት ያረጃል። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ ወይም ያፈስሳሉ፤ ሌንሱን አቧራ ይሸፍነዋል፤ ቤቱ እርጥበት ካለው ብረት ብረቱ ይዝጋል። የእናንተ ልብ ግን «አለልኝ» ብሎ ተረጋግቷል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ መረጋጋት ነው።

ጌም ቤት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አግዳሚው ላይ ተጣብቆ መቀመጡን፣ «አሸናፊ ይቀጥላል» የሚለውን ሕግ፣ ሁለት ለባዶ እየመራችሁ መብራት ሲሄድ የሚነሳውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ቴክን 3 ላይ ኤዲ ጎርዶን መርጦ ሁለቱን የእግር ምት ቁልፎች ብቻ እየቀጠቀጠ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስለቅሰውን ልጅም አትረሱትም። እኔ የማስታውሳችሁ አንድ ነገር ነው። ግራጫው ማሽን ተገልብጦ ሲሠራ አላያችሁም? ሆዱ ወደ ላይ፣ ክዳኑ ወደ ታች ሆኖ? ሲዲው አልነበብ ሲል የቤቱ ባለቤት ይገለብጠዋል፤ ጌሙም ይነሳል። በልጅ ዓይናችን ተአምር ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሌዘሩን ተሸክሞ የሚንሸራተተው ክፍል ከፕላስቲክ የተሠራ ነበር፤ የተቀመጠውም ሙቀት ከሚያወጣው ፓወር ሰፕላይ አጠገብ ነው። ፕላስቲኩ እየተበላ ሲሄድ ሌንሱ ያዘነብልና ሲዲውን በትክክል ማንበብ ያቅተዋል። ማሽኑ ሲገለበጥ ክብደቱ ወደ ሌላኛው በኩል ይሄዳል፣ ሌንሱም ለጊዜው ይስተካከላል። ሶኒ በኋላ ባወጣቸው ሞዴሎች ሌዘሩን ከሙቀቱ አርቆታል። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ያህል አይደለም። ማሽናችሁ ሲዲ አላነብም ቢል «ሞቷል» ብላችሁ አትፍረዱበት ለማለት ነው። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ሌንሱን በጥጥና በንጹሕ አልኮል ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። ካልሆነ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ውሰዱት። በአቧራ ብቻ የተጣለ ማሽን እንዳለ ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ።

«ዕቃ አይደል እንዴ፣ ሌላ ይገዛል» የሚሉኝም አሉ። ማሽኑስ ይገኝ ይሆናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዲሴምበር 1994 ጃፓን ውስጥ የወጣው ግራጫው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በማርች 2000 የተከተለው ጥቁሩ ደግሞ ከ150 ሚሊዮን አልፏል። ችግሩ ጌሙ ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት እዚያው አሜሪካ ከወጡት ጌሞች መካከል 87 በመቶዎቹ ገበያ ላይ የሉም። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ካልተገኙ ወይም ካልተቀዱ በቀር የትም አይገዙም ማለት ነው። ያውም ጌሞቹ በተሸጡበት ሀገር!

እኛ የምንወዳቸው የእግር ኳስ ጌሞች ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። የተጫዋች ስም፣ የክለብ አርማ፣ ማሊያ፣ ሁሉም ለተወሰነ ዘመን በውል የተከራየ ነው። ውሉ ሲያበቃ ጌሙ እንደገና ታትሞ ሊሸጥ አይችልም። ዊኒንግ ኢለቨንን አስታውሱ፤ በአውሮፓ ስሙ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር የሚባለውን። አሳታሚው ኮናሚ የሁሉንም ክለብ ፈቃድ ስላላገኘ በስድስተኛው ፕሮ ኢቮሉሽን ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ተብለው ነበር። እኛ ግን ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ አፍታ አልፈጀብንም። ማስተር ሊግ ስትጀምሩ የሚሰጧችሁን ካስቶሎንና ሚናንዳን፣ በረኛውን ኢቫሮቭንም ታስታውሳላችሁ። በዓለም ላይ የሌሉ፣ ለጌሙ ብቻ የተፈጠሩ ተጫዋቾች ናቸው። እኔ ከብዙ እውነተኛ አጥቂዎች ይልቅ ካስቶሎን እወደው ነበር፤ ዛሬም እወደዋለሁ። እሱን የማገኘው ግን በዚያ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። ዲስኩ ከሄደ ካስቶሎም ሄደ።

ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ የሆነ ዲስክ የተጫወታችሁ ደግሞ አላችሁ። አንዲት ፊደል ሳታነቡ የትኛው መስመር ምን እንደሚከፍት በቃላችሁ ይዛችሁ ነበር። በዚያ ዲስክ ላይ እሺታው ክብ፣ መመለሻው ኤክስ እንደነበረ ልብ ብላችኋል? የጆይስቲኩን ምልክቶች ያወጣው ቴዩ ጎቶ የተባለ የሶኒ ንድፍ ባለሙያ ነው። እሱ እንደገለጸው ክብ «አዎ»፣ ኤክስ «አይ»፣ አራት ማዕዘኑ ወረቀት፣ ሦስት ማዕዘኑ ደግሞ የእይታ አቅጣጫ ነው። የጃፓኖቹ ዲስኮች በዚህ ሲሄዱ፣ የምዕራቡ ዓለም ጌሞች ግን ኤክስን ማጽደቂያ አደረጉት። እናንተ ሁለቱንም ለጣታችሁ አስተምራችሁት ነበር። ይህ እውቀት ነው። አሁን ማሽኑን ብታበሩ ጣታችሁ ራሱ ያስታውሰዋል። ካላበራችሁት ግን እሱም ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ደጋግሜ አውጡት የምላችሁ።

አሁን አደራ የምላችሁ ነገር ላይ ደረስን። ሜሞሪ ካርዱን ተጠንቀቁለት። ማሽኑን የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ካርዱን እላዩ ላይ ሰክቶ ይሰጣል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ! የግራጫው ካርድ 15 ብሎክ፣ የጥቁሩ 8 ሜጋባይት ይይዛል። ዛሬ በስልክ ለምታነሱት ለሁለት ለሦስት ፎቶ የማይበቃ ቦታ ነው፤ የእናንተ ዓመታት ግን እዚያ ናቸው። ጥቁሩን ስታበሩ በድቅድቁ ሰማያዊ ውስጥ የሚቆሙትን ምሰሶዎች ታስታውሳላችሁ? ለጌጥ ብቻ የተሣሉ ከመሰላችሁ አይደሉም። የሚቆሙት ካርዱ ላይ ከተመዘገበው የጨዋታ ታሪክ ተነሥተው ነው። የተጫወታችሁት ጌም ምሰሶ ያወጣል፤ ደጋግማችሁ የከፈታችሁት ይረዝማል። ባዶ ካርድ ከሰካችሁ ባዶ ሜዳ ነው የምታዩት።

ስለ ወንድሟ ማሽን የጻፈችልኝ እህቴ፣ ይህ ለአንቺ ነው። ማሽኑ ጥቁሩ ከሆነና ካርዱም እዚያው ከተሰካ፣ ስታበሪው የምታዪው ወንድምሽ የሠራውን ከተማ ነው። የትኛው ጌም ላይ እንደቆመ፣ ማስተር ሊጉን የት እንዳደረሰው፣ ክለቡን ምን ብሎ እንደሰየመው ማየት ትችያለሽ። አትሳሺ፤ ክፈቺውና ደውለሽ ንገሪው። በመነካቱ አይጎዳም። የሚጎዳው ማንም ሳያየው አንድ ቀን አልነሳም ሲል ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አድርጊ። ከምንም በፊት ሁለተኛ ካርድ ፈልገሽ በሌላው ቀዳዳ ሰኪና ከማሽኑ ዋና ማውጫ ገብተሽ ፋይሎቹን ቅጂያቸው። ጥቂቶቹ አልቀዳም ሊሉ ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ግን ይቀዳሉ። ካርድም ለዘላለም አይኖርም፤ ሁለት ቦታ ያለ ነገር ግን በአንዴ አይጠፋም።

ከአሜሪካ ለተላከላችሁ ሰዎች ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የአሜሪካ ግራጫውና ትልቁ ጥቁር ማሽን የተሠሩት ለ120 ቮልት ነው፤ የጃፓኑ ለ100። የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። እንዳለ ከሰካችሁት በቅጽበት ይቃጠላል። ዘመድ ከስንት ወጪው ቀንሶ የላከው ስጦታ በመጀመሪያው ምሽት ጭስ ሆኖ የቀረበት ቤት አለ። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ማሽኑን ገልብጣችሁ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ቀጭኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ ያለውን። ከ220 እስከ 240 ቮልት ወይም ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ግዙለት። ለሁሉም ቢሆን ስታብላይዘር አይለየው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ለአዲስ ዕቃም አይመች፣ እንኳን ለአሮጌ።

ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ባልደረባዬ ሰዓት እያሳየችኝ ስለሆነ የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ።

ባትሪ፦ ጥቁሩ ማሽን በበራ ቁጥር ቀን ሙላ የሚላችሁ ከሆነ የሰዓቱ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። አትደንግጡ፤ ካርዱ ላይ ያለውን አይነካም። በካሴት የሚሠሩ የድሮ ጌሞች ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ብዙዎቹ የምታስቀምጡትን የሚይዙት በትንሽ ባትሪ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ሁሉም ይጠፋል።

ዲስክ፦ የግራጫው ኦሪጂናል ዲስክ ከሥሩ ጥቁር ነው። ብርማ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ከሆነ ቅጂ ነው፤ ቅጂ ደግሞ ቀለሙ ስለሚበላሽ ቶሎ ያረጃል። ሲዲ ሲሆን ከላይኛው፣ ጽሑፍ ካለበት ፊቱ በኩል መጫር የባሰ ነው፤ መረጃው ያለው ከዚያ ቀጭን ሽፋን ሥር ነውና። እርስ በርስ አትደራርቧቸው።

ቴሌቪዥን፦ ወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን ካላችሁ እሱንም አትጣሉት፤ እነዚህ ጌሞች የተሠሩት ለእሱ ነው። ስክሪኑ ጠፍጣፋ ከሆነ የጌም ሁነታውን ክፈቱለት፤ አለበለዚያ ቁልፍ ስትጫኑ ተጫዋቹ ዘግይቶ ይመታል። የአሜሪካ ወይም የጃፓን ማሽን በድሮው ቴሌቪዥን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ቢሆንባችሁም ማሽኑ አልተበላሸም፤ የቀለም ሥርዓታቸው ስለማይገጥም ነው።

ልጆቻችሁ፦ «ሱስ እንዳይሆንባቸው» ትሉኛላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል። ይህኛው ግን ሁለት ሰው አንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን የሚቀመጥበት ጨዋታ ነው፤ ተሸናፊው ጆይስቲኩን ለሌላው አቀብሎ ተራውን ይጠብቃል። ሰዓት ወስኑና አብራችሁ ተቀመጡ። ልጁን ብቻውን አስቀምጣችሁ ከሄዳችሁ ግን ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም።

ማሽኑ በእጃችሁ ለሌለ ደግሞ ጌሞቹን በኮምፒውተር የሚያስነሳ ኢሙሌተር አለ። ስለ እሱ ራሱን የቻለ ፕሮግራም እይዛለሁ።

እናቶቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል። ቤቱ ይጽዳ፣ ደግ ነው። ልጃችሁን ሳትጠይቁ ግን ያንን ካርቶን አትስጡ። እናንተ ልጆች ደግሞ እናታችሁን የዕቃ ግምጃ ቤት አድርጋችሁ «ይቀመጥልኝ» ማለቱን ተዉት። የምትወዱትን ነገር ራሳችሁ ውሰዱና አሠሩት። ጥቁሩን የሚያመርተው ፋብሪካ ሥራውን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለእሱ ከወጡት የመጨረሻ ጌሞች መካከል የነበሩት ፊፋ 14 እና ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2014 እንኳ በ2013 የወጡ ናቸው። ከእንግዲህ የሚጨመር የለም። የቀረው በየቤታችን ያለው ነው፤ የሚቆየውም የሚሠራበት ሰው እስካለ ድረስ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት ሥራችሁ ይህ ነው። ቮልቱን አንብቡ፣ ሌንሱን ጥረጉ፣ ካርዱን ቅዱ፣ ከዚያ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። ማን እንዳሸነፈም ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ፕሮግራም አነብላችኋለሁ።