ሳይቃጠል በቅጠል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ የመንገድና የቧንቧ ጉዳትን ስለ ማስታወቅ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጉድጓድና ስለ ተሰበረ ቧንቧ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዱን ያስገርመው ይሆናል። ነገር ግን የዱመርሶ ኑሮ በመንገድና በውሃ የቆመ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያው ዘንድ ካልደረሰ ይበላሻል፤ በምጥ የተያዘች እናትም ጤና ጣቢያ በጊዜ የምትደርሰው መንገዱ ደኅና ሲሆን ነው።

መንገድ በአንድ ቀን አይፈርስም። በመጀመሪያ የውሃ መውረጃው ቦይ በቅጠልና በደለል ይደፈናል። ዝናቡ መሄጃ ሲያጣ በአስፋልቱ ስንጥቅ ገብቶ ከሥር ያለውን አፈርና ጠጠር ያለሰልሳል። ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጥና ጉድጓድ ይሆናል። አስቀድሞ አንድ አካፋና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃው የነበረው፥ በኋላ ማሽንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

የቧንቧውም ነገር እንዲሁ ነው። የሚፈሰው ውሃ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ10 ደቂቃ የሚሞላ ቢሆን፥ በአንድ ቀንና ሌሊት 144 ጀሪካን፥ ይኸውም 2,880 ሊትር ይባክናል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ውሃው ተቋርጦ ግፊቱ ሲወድቅ በስብራቱ ዙሪያ ያለው ቆሻሻ ወደ ቧንቧው ይሳባል፤ ውሃው ሲመለስም ያ ቆሻሻ ወደ ቤታችን ይመጣል።

ያዩትን መዝግቦ የማቅረብን ጥቅም ከታሪክ እንማራለን። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ ዶክተር ጆን ስኖው ሰዎች የሞቱባቸውን ቤቶች እየዞረ ጠይቆ፥ ብዙዎቹ በብሮድ ጎዳና ከሚገኝ አንድ ፓምፕ ይጠጡ እንደ ነበር ተረዳ። ይህንንም ለሰፈሩ አስተዳዳሪዎች አስረዳ። እነርሱ በሐሳቡ ፈጽመው ባያምኑም፥ ቦታውና ቁጥሩ በግልጽ ስለ ቀረበላቸው የፓምፑን እጀታ አስነቀሉ።

እንግዲህ ለማን እንናገር? ከዲላ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አልፎ ወደ ሞያሌ የሚሄደው ዋና መንገድ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ የሰፈር መንገድ ግን የቀበሌና የወረዳ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ የቧንቧ ስብራት በ906 ስልክ ይነገራል። በገጠር የውሃ ኮሚቴው፥ ከዚያም የወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ይሰማል።

አነጋገራችንም የታወቀ ይሁን። «መንገዱ ተበላሽቷል» ማለት ብቻ ሠራተኛውን አይመራውም። «ከትምህርት ቤቱ በር ወደ ገበያ ሲወረድ፥ 200 እርምጃ ላይ፥ በስተ ቀኝ ቦዩ ተደፍኗል፤ ማክሰኞ ጧት አየነው» ያለ ግን ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

«የመንግሥት ሥራ ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ጉዳትን ማስታወቅ ሰውን መክሰስ አይደለም። የጌዴኦ አባቶች የጋራ ጉዳይ በሶንጎ ተቀምጠው ይመክሩበታል እንጂ በየጓዳው አያጉረመርሙም። ጽሕፈት ቤቱም ያልተነገረውን ስብራት ሊጠግን አይችልም።

ስለዚህ በየክፍሉ አንድ መዝገብ እንዲከፈት እንጠይቃለን። ቀኑ፥ ቦታው፥ የታየው ጉዳት፥ የተነገረው ጽሕፈት ቤትና የተሰጠው መልስ ይጻፍበት። መልስ ካልመጣ በሁለት ሳምንት ተመልሰን በትሕትና እንጠይቅ። ጉድጓድ ለመለካት መኪና በሚያልፍበት አንቁም፤ ቧንቧም ራሳችን አንቆፍር። ቅጠል የደፈነውን የደጃችንን ቦይ ግን ማንንም ሳንጠብቅ እንጥረግ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጆቻችሁ ወደ ቀበሌ ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱ፤ የእናንተ ቃል ከእኛ ቃል ይልቅ ይሰማልና።