ጓሳውና እንግዳው

(በአንድ የደጋ ቀበሌ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ከመንዝ እዚህ ድረስ ያመጣኝ አንድ ወረቀት ነው። አንድ ባለሀብት ከከተማ መጥቶ ከመንደራችሁ በላይ ያለውን የሣር ሜዳ አይቷል። ጭላዳውን አይቷል። ቀይ ቀበሮውንም አይቷል። «እዚህ የእንግዳ ማረፊያ ልሥራ፤ ቱሪስት ይመጣል፤ እናንተም ትጠቀማላችሁ» ብሎ ወረቀቱን ትቶላችሁ ሄዷል። ለመፈረም የቀራችሁ 1 ሳምንት ነው። ሊቀ መንበራችሁ «የእርስዎ አገር ይህን ነገር ከእኛ ቀድሞ አይቶታልና መጥተው ይንገሩን» አለኝ። እኔ «ፈርሙ» ወይም «አትፈርሙ» ልላችሁ አልመጣሁም። የእኛን አገር ነገር ልነግራችሁ ነው።

የተወለድሁት ጓሳ አጠገብ ነው። ጓሳ የሣር ስም ነው። ሣሩ የበቀለበት አምባም በሣሩ ስም ጓሳ ይባላል። ቦታው በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን መንገድ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው ከ3200 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ብርዱን አልነግራችሁም፤ እናንተም ደገኞች ናችሁ።

ጓሳ ለእኛ ምንድን ነው? ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራበታል። ድርቅ ሲመጣ ከብታችን የሚተርፈው በእርሱ ነው። ከዚያ አምባ የሚመነጨው ውሃ ደግሞ ከፊሉ ወደ ዓባይ፥ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሣሩ የክረምቱን ዝናብ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሣሩ ካለቀ ግን ውሃው በክረምት አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ በበጋ ምንጩ ይደርቃል።

አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ከ300 ዓመት በላይ የቆየ «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነበሩ። የእነርሱ ዘር የሆነ ሁሉ በጓሳው ላይ መብት አለው። ባለ መብቶቹ ተሰብስበው አለቃ ይመርጣሉ። አለቃው አባ ቄራ ይባላል። አባ ቄራው «ጓሳው ተዘግቷል» ካለ ተዘጋ ነው። 3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም 5 ዓመት ማንም ሣር አያጭድም፤ ማንም ከብት አያሰማራም። ጥበቃው በተራ ነው። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ለሕዝቡ ይነገራል። ያን ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ሲመጣ ከብቱ ይወጣና ጓሳው እንደገና ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ ሰርቆ የሚያጭድ ቅጣቱ ከባድ ነበር። በተሰረቀ ጓሳ የተከደነ ቤት ይቃጠል ነበር ሲሉ ሽማግሌዎችን ሰምቻለሁ።

ሁሉም ነገሩ መልካም ነበር አልልም። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። አጠገቡ ተወልዶ አጠገቡ ቢያረጅም ያው ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። የዘር ርስት ቀረ። በርስቱ ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ የ12 ዓመት እረኛ ነበርሁ። «ጓሳው የሁሉም ሆነ» ሲባል ደስ አለን። ነገር ግን የሁሉም የተባለው ነገር ጠባቂ አጣ። ሌላው ሲያጭድ የእኛ ቤት ለምን ይቅር? አልንና እኛም አጨድን። ሌሊት ተነሥተን ያልደረሰውን ሣር አጭደን ገበያ እናወርድ ነበር። አባቴ ያያሉ፤ አንድ ቀን እንኳ «ተው» አላሉኝም። ዳር ዳሩ ታረሰ። የቤታችን ምንጭ በበጋ አትነጥፍም ነበር፤ መንጠፍ ጀመረች። እናቴ ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ሲወርዱ ሳይ ነው ያጨድሁት ሣር ትዝ ያለኝ።

በኋላ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ተመካከሩ። በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። አሁን መብቱ በዘር አይቆጠርም። በዙሪያው የሚኖር ሁሉ ድርሻ አለው፤ ጠባቂዎቹም ከእኛው መካከል ናቸው። ከዚያም ክልሉ ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ሣሩ ተመለሰ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ እንግዳው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሣሩን ያዳነው እንግዳ አይደለም።

እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣል? አንደኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። በዓለም ላይ የቀሩት ትልልቆቹ ሲቆጠሩ 500 አይሞሉም። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ትንሽ ገበያ የሚውለው ሰው ከዚህ ይበልጣል። ሁለተኛው ጭላዳ ነው። እርሱም የእኛ አገር ብቻ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ እንደ በግ ሣር ግጦ የሚያድር ነው።

እኛ እረኞች ሁለቱን አብረው ስናይ ኖረናል። ቀበሮው በጭላዳው መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ጭላዳው አይሸሽም፤ ቀበሮውም ግልገሉን አይነካም። ለምን? ብለን ግን አልጠየቅንም። ተመራማሪዎች መጥተው ቁጭ ብለው ቆጠሩ። በ2007 ዓ.ም. ያሳተሙት እንዲህ ይላል። ቀበሮው ለብቻው ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ4 ሙከራ የሚሳካለት 1 ነው። በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ግን ከ3 ሙከራ 2ቱ ይሳካለታል። ምናልባት ጭላዳው ሣሩን ሲነጭ አይጡ ስለሚረበሽ ይሆናል። ምናልባትም አይጡ ቀበሮውን ከጭላዳው መለየት ስለሚያቅተው ይሆናል። አይጥ የማን ጠላት እንደሆነ ደግሞ ገብስ ለሚዘራ ሰው አይነገርም። አልፎ አልፎ ቀበሮው ጠቦት ይወስዳል፤ ይህንም አልክድም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ ዓመታት መንገድ መሪ ሆኜ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ «ቡችሎቹን በቅርብ ፎቶግራፍ ላንሣ» ብሎ 100 ብር ጨመረልኝ። ጉድጓዱ የት እንደሆነ አውቅ ነበር። ወሰድሁት። እስከ ጉድጓዱ አፍ ደረስን። በማግሥቱ ሌሎች እንግዶች ይዤ ብሄድ ጉድጓዱ ባዶ ነው። እናቲቱ ቡችሎቿን በአፏ እያንጠለጠለች ወደ ሌላ ሥፍራ አዛውራቸዋለች። ለእነዚያ እንግዶች ያሳየኋቸው ባዶ ጉድጓድ ነው። ኮሚቴው ይህን ሰምቶ 3 ወር ከተራ አስወጣኝ። በጣም ተናድጄ ነበር። «ለ100 ብር ይህ ሁሉ?» አልሁ። አሁን ሳስበው ግን የሸጥሁት የእኔን አልነበረም። በተራ የሚሠሩትን የ20 ሰዎች እንጀራ ነው።

ስለ ውሻም ልናገር። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላልፎ ነበር። ዌብ በሚባለው ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከ4ቱ 3ቱ ያህል አለቁ። የተረፉትን ለማዳን ሐኪሞች ቀበሮ እየያዙ መከተብ ግድ ሆነባቸው። ውሻ ከባለቤቱ ጋር ወደ ሣር ሜዳው ሲወጣ ማንም ልብ አይለውም። እኛ አገር በዚህ ላይ ስንት ጊዜ ተጣልተናል! እረኛው «ያለ ውሻ ጅብ ይበላኛል» ይላል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ የምንለው ውሻው ይከተብ፥ እንግዳ በሚሄድበትና ቀበሮ በሚወልድበት ቦታም አይለቀቅ ነው። ለጭላዳም ዳቦ አይሰጥም። ዛሬ ከእንግዳ እጅ ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ አውድማችሁ ላይ ነው የምታገኙት።

ገንዘቡስ? በቅሎ የሚያከራይ በተራ ያከራያል። መንገድ መሪውም በተራ ነው። በጓሳ ያለው የእንግዳ ማረፊያ የማኅበረሰቡ ነው። ቢሆንም በእንግዳ ገንዘብ ብቻ የሚኖር ቤት አላውቅም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ እንግዳ ቀረ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ አሁንም እንግዳ ቀረ። ያን ጊዜ ማረፊያ ቤቱ ባዶውን ሲቀመጥ ሣሩ ግን ይበቅል ነበር። የእንግዳ ገንዘብ ጨው ነው፤ ጨው ብቻውን አይበላም።

ሌላ አገርም ሌላ መንገድ ሄዷል። በስሜን ተራሮች ዋልያ አለ፤ ዋልያም ከዚያ በቀር የትም የለም። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከብቱና እርሻው ሲበዛበት በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተጻፈ። ግጭ የሚባለው መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ወረደ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ተስማማው። ግን መንደር ሙሉ ሰው አገሩን ለቆ ከተማ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም። ቀድሞ ራሱ ሕግ ያወጣና ያስከበረ ሕዝብ ወደዚያ የመድረሱ ነገር ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ትናንት ማታ አነበብሁት። 4 ገጽ ነው። በ2ኛው ገጽ ላይ «የአካባቢው ሕዝብ ተጠቃሚ ይሆናል» ይላል። ስንት ብር? ከስንት አንድ? በየስንት ወሩ? አይልም። በ3ኛው ገጽ ላይ «በይዞታው ውስጥ ግጦሽና አጨዳ የተከለከለ ነው» ይላል። ዘመኑ 30 ዓመት ነው። ይህ ማለት ዛሬ እዚህ እናቷ ጀርባ ላይ የተኛችው ሕፃን ልጅ ወልዳ እስክታሳድግ ድረስ ማለት ነው። ማገዶው ከየት ይመጣል? ማረፊያ ቤት ማገዶ ይፈጃል። ውሃውን ከየትኛው ምንጭ ይቀዳል? እነዚህን አይልም። ሰውየው ክፉ ነው አላልሁም። የጻፈው የራሱን ነው፤ የእናንተን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

ድሮ ቢሆን ጣታችሁን ቀለም አስነክተው ያስፈርሟችሁ ነበር። አሁን ማንበብ ችላችኋል። ወረቀቱ በ4 ቤት ይዙር፤ እያንዳንዱ ገጽ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበት። ሴቶቹም ይስሙት፤ ውሃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸው። ከዚያ የራሳችሁን ወረቀት ጻፉ፤ ሜዳው መቼ እንደሚዘጋ፥ መቼ እንደሚከፈት፥ ማን እንደሚጠብቅ፥ ሒሳቡ በየስንት ጊዜው በስብሰባ እንደሚነበብ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሰውየውን ጥሩት።

እኔ እስከ ነገ እቆያለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ከወጣቶቹ ጋር ሜዳውን ዞረን እናያለን፤ ቀበሮው የሚወልድበትን ቦታ ከሩቅ ሆነን ምልክት እናደርጋለን። መምጣት የምትፈልጉ ኑ። ውሻችሁን ግን እቤት አስራችሁ ኑ።