በሥዕል ስለሚሠራ ፕሮግራም፥ ስለ ምስክር ወረቀቱና ስለ መመካከር
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የምሕንድስና ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ስለዚህ በሩ አጠገብ የተቀመጡት የሕግና የታሪክ ተማሪዎች ሰዓታቸውን ማየት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ቃል ላስቀድም። የምናገረው ስለ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራርና በእርሱ ስለሚገኘው የምስክር ወረቀት ቢሆንም፥ የነገሩ ሥር ሌላ ነው። ይኸውም አንድ ሰው የሠራውን ሥራ ሌላ ሰው፥ ሠሪው በሌለበት፥ አንብቦ ሊረዳው ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። ውል የሚያረቅም፥ የታሪክ ማስታወሻ የሚጽፍም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ፕሮግራም ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው በፊደልና በቁጥር፥ መስመር በመስመር የሚጻፈውን ነው። ኮምፒዩተሩ ከላይ ወደ ታች እየወረደ የታዘዘውን ይፈጽማል። ላብቪው በሚባለው ግን ፕሮግራመሩ አይጽፍም፤ ይሥላል። እያንዳንዱ ተግባር በአንዲት ትንሽ ሥዕል ይወከላል፤ ከአንዷ ሥዕል ወደ ሌላዋ ሽቦ ይዘረጋል፤ ቁጥሩም ሆነ ጽሑፉ በሽቦው ውስጥ ያልፋል። አንድ ተግባር የሚጀመረው በመስመር ተራው ስለደረሰ ሳይሆን የሚያስፈልገው ሁሉ በየሽቦው ስለደረሰለት ነው። ሊጡ ሳይቦካ እንጀራ አይጋገርም፤ ሊጡ እስኪቦካ ድረስ ግን ወጡን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ አንዱ የሌላውን አይጠብቅም። በላብቪውም በሽቦ ያልተያያዙ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ይህ በጽሑፍ ፕሮግራም ብዙ ድካም የሚጠይቅ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሁለት ገጽ አለው። በፊት ለፊቱ እንደ ማንኛውም የመለኪያ መሣሪያ ቁልፍ፥ መርፌና ግራፍ ይታያል፤ በስተኋላው ሽቦው የተዘረጋበት ሥዕል አለ። ኩባንያው «ቨርቹዋል ኢንስትሩመንት» ይለዋል፤ መሣሪያ ሳይሆን እንደ መሣሪያ የሚሠራ ማለት ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ። በ1976 ጄምስ ትሩቻርድ፥ ጄፍ ኮዶስኪና ቢል ኖውሊን የተባሉ ሦስት ሰዎች በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፥ በኦስቲን ከተማ ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ላብቪው በ1986 ወጣ፤ መጀመሪያም የሠራው በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነበር። ሐሳቡ የፕሮግራም ቋንቋ ያልተማረ መሐንዲስ ወይም የፊዚክስ ሰው የመለኪያ መሣሪያዎቹን ራሱ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ሐሳቡም ሩቅ ሄዷል። በስዊስና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ባለው በሴርን፥ የታላቁን የቅንጣት ማፋጠኛ ጨረር የሚገድቡትን መሣሪያዎች እንቅስቃሴ ለመቆጣጠር አገልግሏል። በ2006፥ የሌጎ ኩባንያ ለልጆች ያወጣው የሮቦት መጫወቻ ፕሮግራምም የተሠራው በላብቪው ላይ ነው። ከፊዚክስ ሊቅ እስከ ሕፃን መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ችግሩ ይመጣል። ለመጀመር የቀለለ ነገር ለማበላሸትም ቀላል ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሙቀት መለኪያ አያይዞ ግራፍ ሲያወጣ ያያችሁት ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት ማስጠንቀቂያ ይጨምራል፤ በሦስተኛው ፋይል መመዝገቢያ ይጨምራል፤ በወሩ ሥዕሉ ከስክሪኑ አልፎ በአራቱም ማዕዘን ይፈሳል፤ ሽቦው በሽቦ ላይ ይተላለፋል። ባለ ሙያዎቹ ራሳቸው «ስፓጌቲ» ይሉታል፤ ሹካ ብቻ ነው የቀረው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ይሠራል፤ ሠሪው ተመርቆ ሲሄድ ግን ማንም ሊነካው አይደፍርም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሁሉን ከመጀመሪያው ይጀምራል። በየቤተ ሙከራው ስንት የመመረቂያ ሥራ እንዲህ ሆኖ እንደ ቀረ መምህራኖቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

የምስክር ወረቀቱን ነገር የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ ዓመታት በቆየው ሥርዓት ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት የሚፈጅ፥ 40 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ፈተና ነው፤ ለማለፍ 70 ከመቶ ማግኘት ያስፈልጋል። መጽሐፉን ያነበበና እጁን ያፍታታ ተማሪ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ብዙ አልቆይበትም።

ሁለተኛው ደረጃ ግን ሌላ ነገር ነው። ለተፈታኙ አራት ሰዓትና የሥራ ዝርዝር ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ያስረክባል። ኩባንያው ለልምምድ ካወጣቸው ናሙናዎች መካከል የመኪና ማጠቢያ፥ ኤቲኤምና የትራፊክ መብራት ይገኛሉ። አራሚው የሚያየው ፕሮግራሙ መሥራቱን ብቻ አይደለም። ለአሠራሩ ዘይቤ ለብቻው፥ ለማብራሪያው ለብቻው ነጥብ ተመድቧል። ስለዚህ ሥራውን በትክክል የሚፈጽም ነገር ግን የማይነበብ ሥዕል ያቀረበ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ከሠራ ምን ቀረ?» ብለው ይቈጣሉ። እኔ ግን ፍርዱን ትክክል ነው እላለሁ። የሚቀረው ሰው ነው፤ ነገ የሚያነበው ሰው።

መኪና ማጠቢያውን እንውሰድ። ማሽኑ ውሃ ይረጫል፥ ሳሙና ያደርጋል፥ ያለቀልቃል፥ ያደርቃል፤ እያንዳንዱም የተወሰነ ጊዜ ይወስዳል። ጀማሪው «አምስት ሴኮንድ ጠብቅ» የሚለውን ትእዛዝ በሉፑ ውስጥ ያስገባል። ማሽኑም ይሠራል፤ ነገር ግን በእነዚያ አምስት ሴኮንዶች ውስጥ ደንበኛው የማቆሚያውን ቁልፍ ቢጫን ሰሚ የለውም፤ ፕሮግራሙ ተኝቷል። የተሻለው መንገድ ሥራው የተጀመረበትን ጊዜ መዝግቦ፥ ሉፑ በአጭር በአጭር ጊዜ እየዞረ «ጊዜው ደረሰ ወይ? ቁልፉስ ተጫነ ወይ?» እያለ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ደግሞም ሉፑ ጥቂት ሚሊሴኮንድ እንኳ ዕረፍት ሳይሰጠው ቢዞር፥ የኮምፒዩተሩን ጉልበት ለብቻው ይይዝና ሌላውን ሥራ ያንቃል።

እነዚህ አራት የሥራ ደረጃዎች ስም ወጥቶላቸው በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ፕሮግራሙም ከአንዱ ወደ አንዱ ይሸጋገራል። ባለ ሙያዎቹ «ስቴት ማሽን» የሚሉት ይህን ነው። ዝርዝሩን «ታይፕ ዴፍ» አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት፥ ነገ «ሰም መቀባት» የሚል አምስተኛ ደረጃ ቢጨመር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትለውጣላችሁ፤ ለውጡ ዝርዝሩ ባለበት ሁሉ ይደርሳል። ይህን ካላደረጋችሁ ግን በየሥዕሉ እየዞራችሁ አንድ በአንድ ስትለቅሙ ፈተናው ያልቃል።

የቀሩትን በችኮላ ልጥቀስ። ሽቦ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ፤ ከሥዕል በስተጀርባ አይደበቅ። አንድ ሥዕል ከአንድ ስክሪን አይለፍ፤ ካለፈ ከፊሉን አውጥታችሁ ንኡስ ፕሮግራም አድርጉት፥ የራሱንም አዶ ሥሩለት፤ ባዶውን አትተዉት። የስሕተት መልእክት የሚያልፍበት ሽቦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይሂድ። በሽቦ ሊተላለፍ የሚችለውን ነገር በሎካል ቫሪያብል አታስተላልፉ፤ ሁለት ሉፖች ባንድ ጊዜ ሲጽፉበት የትኛው እንደ ቀደመ የሚያውቅ አይገኝምና። ማብራሪያውን ደግሞ ለመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት አታቆዩት፤ ያቺ ሩብ ሰዓት አትገኝም።

ሦስተኛው ደረጃ የአርክቴክት ይባላል፤ እርሱም አራት ሰዓት ነው። የሚያስገርመው ነገር ተፈታኙ ሥራውን እንዲጨርስ አይጠበቅም። የሚጠበቅበት ጠቅላላውን አቅዶ፥ ክፍል ክፍሉን ለይቶ፥ በእያንዳንዱ ባዶ ክፍል ውስጥ ምን መሠራት እንዳለበት ጽፎ፥ ሌሎች ሰዎች እንዲጨርሱት አድርጎ ማስረከብ ነው። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ፈተናው ስለ ኮምፒዩተሩ እየቀነሰ ስለ ጓደኛ እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው።

ታዲያ ለዚህ ፈተና ክፍልን ዘግቶ ለብቻ ማጥናት ምን የሚሉት ጥበብ ነው? የራስን ሥዕል ማንም ያነባል፤ ሲሥለው ምን እንዳሰበ ያውቀዋልና። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በልቡ ይዞ አይቀርም፤ ለመምህሩ ይነግራል፥ ባልንጀሮቹም ይሰሙታል፥ ይታረማል። እኛ ዘመናዊ ተማሪዎች ነን የምንለው ግን ደብተራችንን በክንዳችን ሸፍነን እንጽፋለን፤ የተሻለ ማስታወሻ ያለው ሰው ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ይደብቀዋል። ይህ ልማድ በሌላው ትምህርት ነውር ነው፤ በዚህኛው ግን ነውርም ኪሳራም ነው።

ስለ መመካከር ስናገር ግን አፍ እንደ መጣ መጠያየቅ ማለቴ አይደለም። የሥዕል ፕሮግራም ምክር ሲጠየቅበት የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው ስክሪኑን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ «ለምን አይሠራም?» ይላል። ነገር ግን «ኬዝ» የሚባለው ሣጥን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው፤ የሚታየው አንዱ ገጽ ብቻ ሲሆን ስሕተቱ ከሥር ባለው ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎቶግራፉን ሳይሆን ፋይሉን ስጡ። ከ2009 እትም ጀምሮ ደግሞ «ስኒፔት» የሚባል አለ፤ ሲያዩት ሥዕል ነው፥ ወደ ላብቪው ሲጎትቱት ግን ፕሮግራሙ ራሱ ይወጣል። በአዲስ እትም የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው እንደማይከፈትም አትርሱ፤ የጓደኛችሁን እትም ጠይቃችሁ ለዚያ እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡለት።

ስትጠይቁም መቶ ሽቦ ያለውን ሥዕል አትጣሉበት። ስሕተቱ የሚታይበትን ትንሹን ክፍል ለይታችሁ፥ «ይህን ጠብቄ ነበር፥ ይህን አገኘሁ» በሉ። ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ አምፖል የተሣለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ አሂዱት፤ ቁጥሩ በሽቦው ላይ እየተንከባለለ ሲሄድ በዐይናችሁ ታዩታላችሁ፤ የት እንደ ቆመም ያሳያችኋል። ግማሹ ጥያቄ እዚያው ያልቃል። ተጠያቂውም መልሱን ሠርቶ አይስጥ፤ ሽቦው የት እንደ ተሳሳተ በጣቱ ያሳይና እጁን ይሰብስብ።

አንድ ነገር ግን ይለይ። ተፈታኝ የፈተናውን ጥያቄ አውጥቶ እንዳይናገር ቃል ይገባል። በግቢያችን ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ እንደ ጀግንነት የሚቈጥረውም ሞልቷል። ያንን ልማድ እዚህ እንዳናመጣው እለምናለሁ። ለልምምድ የወጡት ናሙናዎች በቂ ናቸው፤ ደግሞም ጥያቄውን ቀድሞ ያወቀ ሰው ምስክር ወረቀት ሲያገኝ በሐቅ ያለፈው ሰው ወረቀት በቀጣሪ ፊት ይረክሳል።

ስለ ወረቀቱ ዋጋ ሳልሸፋፍን ልናገር። ይህ እንደ ዲግሪ ዕድሜ ልክ የሚኖር አይደለም፤ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ያልፍበታል፥ ማደስ ያስፈልጋል። የአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያም ኩባንያ በ2023 ኤመርሰን በተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ተገዝቷል። ነገ ባለቤቱ ምን እንደሚያደርግ እኛ አንወስንም። ክፍያም አለው፤ የውጭ ገንዘብ ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁላችሁም ተፈተኑ አልልም። መሣሪያ በሚለካበትና በሚፈተሽበት ሥራ ለመግባት የሚያስብ ሰው የመጀመሪያውን ይሞክር፤ ሌላው ግን ለሁለተኛው ደረጃ እንደሚዘጋጅ ሰው ይለማመድ፥ ወረቀቱን ባይወስድም። መለማመጃው በነጻ ይገኛል። ከ2020 ጀምሮ ለግል መማሪያና ለንግድ ላልሆነ ሥራ ያለ ክፍያ የሚሰጥ እትም አለ። ይህ እትም ለዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያና ምርምር ስለማይፈቀድ፥ በቤታችን ስንሠራ በእርሱ፥ በቤተ ሙከራ ስንሠራ በትምህርት ቤቱ ፈቃድ ይሁን።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እንገናኝ። እያንዳንዱ ሰው ከናሙናዎቹ አንዱን ሠርቶ ያምጣ፤ ሥዕሎቹ በዕጣ ይከፋፈሉ። ዕጣው የደረሰው ሰው በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ ለተሰበሰበው ይናገር፤ ሠሪው ግን ዝም ይበል፥ ሊያስረዳ አይፈቀድለትም። ዝም ማለቱ ከሁሉ ይከብዳል፤ ይቻላል ግን። ከመምህራን መካከል አንድ ሁለት ቢገኙልን አራሚ ይሆኑናል።

ለመጀመሪያው ቅዳሜ የመኪና ማጠቢያውን ይዛችሁ ኑ። ስማችሁን አትጻፉበት።