በቀዝቃዛ ውሃ መጥለቅን ለሚማሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው
(በወላጆችና በወጣቶች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በዕብራይስጥ «ጽሊላ» ስለሚባለው፣ ማለትም የአየር ጠርሙስ በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ ስለ መጥለቅ ነው። ከልጆቻችን መካከል ይህን ትምህርት የሚጀምሩ አሉ። አንዳንዶቹ የሚጀምሩት በዚህ አገር ክረምት፣ በጥርና በየካቲት፣ ባሕሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ወላጅም «ልጄን ለባሕር አልሰጥም» ብሎ ይጨነቃል። ይህን ጭንቀት ማንም ሊንቀው አይገባም። በአገራችን በክረምት የሞላ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ ታላላቆቻችን በዓይናቸው አይተዋል።

ሆኖም ባሕርና መጥለቅ ለታሪካችን እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ቦታ፣ ሞሳድ የጠላቂ ቱሪስቶች መዝናኛ የሚመስል መንደር ከፍቶ ነበር። ቀን እንግዶች ይጠልቃሉ፤ ሌሊት ግን እነዚያው ሠራተኞች ከስደተኛ ካምፕ የመጡ ወገኖቻችንን በጎማ ጀልባ ወደ መርከብ እንዲሻገሩ ያደርጉ ነበር። መንደሩ እስከ 1985 ቆየ። ስለዚህ ልጃችሁ «ጽሊላ ልማር» ቢላችሁ «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ብላችሁ አትመልሱት። ይልቁንስ በደንብ እንዲማር እርዱት።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የስፖርት ጽሊላ ሕግ መሠረት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ከአስተማሪ ጋር ካልሆነ በስተቀር በአየር ጠርሙስ መጥለቅ አይችልም። በብዙ አገር የሚታወቀው የመጀመሪያ ደረጃ «ኦፕን ዋተር» ይባላል። ተማሪው 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ሳይሰጥም ውሃ ላይ መቆየት አለበት። ከዚያ በመዋኛ ገንዳ ወይም ጸጥ ባለ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይለማመድና በባሕር ቢያንስ አራት ጊዜ ይጠልቃል። ሲጨርስ የሚፈቀድለት ጥልቀት 18 ሜትር ነው።

ቅዝቃዜው ምን ይጨምራል? በክረምት የኤላት ባሕር 21 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የሜዲትራንያኑ ወደ 17 ይወርዳል። 17 ዲግሪ አየር ቀላል ነው፤ ውሃ ግን የሰውን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ገና ሲገቡ ቀዝቃዛው ውሃ ፊትንና ደረትን ሲነካ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ይህ ፍርሃት ሳይሆን የሰውነት ባሕርይ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ትንፋሻችሁ ሳይረጋጋ ወደ ታች አትውረዱ። ቆይቶ ደግሞ ጣት ይደነዝዛል፤ መቆለፊያ መፍታት፣ መነጽር ማስተካከል ያስቸግራል። የበረደው ሰው ብዙ ስለሚተነፍስ አየሩም ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ የአየር መለኪያውን ከበጋው ይልቅ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ለዚህም ልኩ የሆነ የጎማ ልብስ ያስፈልጋል። ሰፊ ልብስ ውሃ ያመላልሳል፤ አያሞቅም። ለክረምት ወፈር ያለ፣ 5 ወይም 7 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከራስ መሸፈኛና ከጫማ ጋር ይመረጣል። ወፍራም ልብስ ወደ ላይ ስለሚያንሳፍፍ ተማሪው በወገቡ የሚታጠቀው እርሳስ ይጨምራል። ወደ ታች ሲወርድ ግን ልብሱ በግፊት ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ስለዚህ በበጋ የተለካ እርሳስ ለክረምት አይሆንም፤ እንደገና መለካት አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ይህ ነው፤ ከአየር ጠርሙስ እየተነፈሳችሁ በፍጹም ትንፋሻችሁን አትያዙ። በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባውን በአየር ሞልቶ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው አየሩ እጥፍ ልሁን ይለዋል፤ ሳንባ ደግሞ ይህን አይችልም። ጉዳቱ ከጥቂት ሜትር ጥልቀትም ሊደርስ ይችላል። ብርዱ ትንፋሽን ያዝ ያዝ ስለሚያሰኝ ይህን ሕግ በክረምት ከምንጊዜውም በላይ አስቡት። ስትወጡም በዝግታ፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳትበልጡ ውጡ፤ 5 ሜትር ላይ ስትደርሱም 3 ደቂቃ ቆዩ።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ አስተማሪው ይነግራችኋል። አስተማሪው የማይነግራችሁ፣ ስለማያውቀውም ሊነግራችሁ የማይችል አንድ ነገር አለ። እርሱም የእኛ ይሉኝታ ነው።

ልጆቻችንን ያሳደግናቸው ታላቅን አክብሩ፣ አትከራከሩ እያልን ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን። ይህ በቤትና በሽማግሌ ፊት መልካም ጠባይ ነው። የጽሊላ አስተማሪ ግን ዝምታን «ገብቶታል፣ ደህና ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ልጁ እየተንቀጠቀጠ «እፈራለሁ ይሉኛል» ብሎ ዝም ቢል፣ ሌሎቹ እያደረጉት እኔ ብቻ እንዴት እቀራለሁ ቢል፣ አደጋው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ውሃ ውስጥ አፍ አይናገርም፤ እጅ ይናገራል። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አገናኝቶ ክብ መሥራት «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ደህና ካልሆናችሁ ይህን ምልክት አትስጡ። አውራ ጣትን ወደ ላይ ማቆም በየብስ «ጎበዝ» ቢሆንም በውሃ ውስጥ «እንውጣ» ማለት ነው። ሁለት እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ክንድን ማሻሸት «በረደኝ» ነው። በጠላቂዎች ዘንድ የታወቀ ደንብ አለ፤ ማንኛውም ጠላቂ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥ፣ «ይበቃኛል» ማለት ይችላል። ሌላውም ሳይከራከር አብሮት ይወጣል። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው በድፍረት ብዛት አይደለም፤ ይህን ደንብ አውቆ ለሚሠራበት ነው። በዚያ ቀን ያልተፈጸመ ልምምድ በሌላ ቀን ይፈጸማል።

ወላጆች ሆይ፣ የእናንተም ድርሻ አለ። ከኮርሱ በፊት የጤና መጠይቅ ይሰጣል፤ ልጁ ለአካለ መጠን ካልደረሰም የወላጅ ፊርማ ይጠየቃል። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ ስለሆነ «እዚህ ላይ ፈርሙ» ሲባል ብቻ አትፈርሙ። ልጁ ራሱ እንዳይተረጉምላችሁ፤ ኮርሱ እንዳያመልጠው ሲል የሚያልፈው መስመር ይኖራል። የምታምኑት ትልቅ ሰው ያንብብላችሁ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ወይም የሳንባ ሕመም ካለ ወይም ከነበረ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ፤ ስለ ጽሊላ የሚያውቅ ሐኪምም ይየው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህ ነው።

ልጁ ከባሕር ሲወጣም ወዲያው ይድረቅ፤ ከነፋስ ይከለል፤ ትኩስ ሻይ ይጠጣ። ኮርሱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈር። ከኤላት ወደ ከፍተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ሚጽፔ ራሞን ወይም ወደ ኢየሩሳሌም በመኪና የሚመለስ ከሆነም መቼ መጓዝ እንደሚችል አስቀድሞ አስተማሪውን ይጠይቅ፤ ሽቅብ መውጣት በሰውነት ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን አረፋ ሊያደርገው ይችላልና።

በመጨረሻም፣ ልጃችሁ ከመጀመሪያው ቀን ሲመለስ «ጎበዝ ነበርክ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «በርዶህ ነበር ወይ? ለአስተማሪህስ ነገርከው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አዎ፣ ነግሬው አብረን ወጣን» ካላችሁ፣ ትምህርቱ እንደ ገባው በዚያ እወቁ።